ሆጃ ያልተሳደቡበት ጠዋት

«ልብ ነው» አሉ፤ አራቱም ሐኪሞች በአንድ አፍ።

ኢንስፔክተር ፌርሁንዴ ኦልጉን የታመመ ጉልበቷን በእጇ ደግፋ፣ ወለሉ ላይ ከተጋደመው አስከሬን አጠገብ በርከክ አለች። ሟቹ ፕሮፌሰር ሩክኔቲን ባይሳል ናቸው፤ በኢዝሚር፣ ባሕረ ሰላጤውን ቁልቁል በሚያየው በዚህ ሆስፒታል፣ በሮቦት እየታገዙ የትልቁን አንጀት ዕጢ ማውጣት ለቀዶ ሐኪሞች የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። ተማሪዎቻቸው «ሆጃ» ይሏቸዋል፣ መምህር ለማለት። በሌሉበት የሚሏቸው ሌላ ነው።

ሞተው የተገኙት በምሳ ሰዓት ማብቂያ ላይ ነበር፤ በማሠልጠኛው አዳራሽ፣ የሮቦቱ መቆጣጠሪያ ላይ እንደተቀመጡ፣ ፊታቸው መመልከቻው ውስጥ እንደተቀበረ። ጫማቸው ተፈትቶ ከጎን ተቀምጧል። ሆጃ ፔዳሉን በካልሲ እንጂ በጫማ ረግጠው አያውቁም።

የአስከሬን መርማሪው ዶክተር ቱራን የሟቹን አንገት ዘንበል አድርጎ በጓንቱ ጣት አመለከታት። ማጅራታቸው ላይ፣ ከፀጉሩ ሥር፣ አንዲት ቀይ ነጥብ አለች። በአረንጓዴው ሸሚዝ ኮሌታ ውስጠኛ ገጽ ደግሞ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ደም ደርቃለች። ግንባራቸው ላይ የመመልከቻው ጠርዝ ጠልቆ ታትሞ ዙሪያው ጠቁሯል።

«ልብ ከማጅራት አይደማም» አለች ፌርሁንዴ ቀና ብላ። «ልብ ነው ያለው ማነው?»

«እኛ ሐኪሞች ነን» አለ ከአራቱ ረጅሙ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው። «እርስዎ ደግሞ ፖሊስ ነዎት።»

«እንግዲያው ሥራ እንከፋፈል። እናንተ ሻይ ክፍል ገብታችሁ ጠብቁ፤ እኔ ሬሳውን ላነጋግር።»

ሐኪሞቹ ሲወጡ ቱራን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጡንቻ የሚያዝል የማደንዘዣ መድኃኒት ይመስለኛል። ትንፋሽ ያቆማል፤ ላይ ላዩን ሲያዩት የልብ ድካም ነው የሚመስለው። የማደንዘዣ ሐኪሟ ጋሪ ኮሪደር ላይ ቆሟል፤ ቁልፉ ራሱ ላይ ተንጠልጥሏል።»

«ማለት ማንም እጁን ይሰድዳል።»

«ማንም። ሌላም ነገር አለ።» ከሟቹ የደረት ኪስ ያወጣውን አሮጌ፣ ቢጫ የሆነ የወረቀት እሽግ አሳያት። ጠርዙ ተቀዷል፤ ውስጡ ባዶ ነው።

ፌርሁንዴ ተነሥታ አዳራሹን ዞረችው። ሁለት መቆጣጠሪያዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ ለአስተማሪ፣ አንዱ ለተማሪ። ማዶ ደግሞ ጠረጴዛ አለ፤ በላዩ የሮቦቱ ክንዶች ተንጠልጥለዋል። ክንዶቹ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሆድ ውስጥ በቀዳዳ ገብተው ቀርተዋል። ክዳኑን አነሣችው። የበግ አንጀት ነበር፤ ከቄራ የመጣ መለማመጃ። ጥርስ በመሰለ ጥቁር ስፌት መስመር ይዞ ተሰፍቷል። የመጨረሻው ስፌት ግን ተቦጭቋል፤ መርፌው ሥጋውን ቀድዶ ተንጠልጥሏል።

«ይህን የከፈተ አለ?» አለች መጀመሪያ የደረሰውን ፖሊስ፣ ሃምዛን።

«እንደተዘጋ ነው ያገኘሁት፣ አለቃ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። ስክሪኖቹም ጠፍተው ነው የደረስኩት።»

የክር መሳቢያውንም ከፈተች። ሰማያዊና ነጭ እሽጎች አሉ፤ የሐምራዊው ሳጥን ባዶ ነው። መሳቢያውን ዘግታ፣ የፕላስቲኩን ሆድ በማኅተም አሳሽጋ ወጣች።

መጀመሪያ ያስጠራችው ዶክተር ባርላስ ኤርጉቬንን ነው፤ ሠልጣኝ፣ ወጣት፣ አባቱ ስመ ጥር ሐኪም የሆነ፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው።

«አባቴ የፖሊስ አዛዡን ያውቁታል» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«እኔም አውቀዋለሁ። ሰላም በልልኝ። ጠዋት ምን ሆነ?»

ባርላስ እግሩን አነባበረ። «ልምምድ ነበረ። ሆጃ ከደም ሥር አጠገብ ሥጋ መለየት አዘዙ። መጀመሪያ ሠልጣኟን ኒልጉንን አስቀመጡ። ከዚያ ዶክተር ኦርሁንን ያንኑ እንዲደግም አዘዙት።»

«ኦርሁን ምክትላቸው አይደለም እንዴ? እሱም ይለማመዳል?»

«እኔም ገርሞኛል። ሰውዬው ሲነሣ ጆሮው ቀልቶ ነበር። ብቻ ሆጃ ሁለቱን አይተው ዝም አሉ። ቆይተው ‹ምሳ ብሉና ተመለሱ፤ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ፤ በሁላችሁ ፊት የምናገረው አለኝ› አሉ።»

«ምን ሊናገሩ?»

«ኒልጉንን ሊያባርሩ ነዋ! ሌላ ምን ይሆናል? በጸደይ በሽተኛ ገድላለች። ኢንስፔክተር፣ እዚህ ጊዜዎን አያባክኑ፤ እሷን ይጠይቋት። አስከሬኑን ያገኘችውም እሷ ናት።»

«ለሙያ ጓደኛህ ደግ ነህ። ከዚያስ?»

«ሆጃ ምሳ አይበሉም፤ ብቻቸውን ቀርተው ይሰፋሉ። እኛ ተበታተንን። እኔ ለአባቴ ልደውል ደረጃ ላይ ወጣሁ። ኒልጉን መታጠቢያ ቤት ገባች፣ ለማልቀስ መሆኑ ነው። የማደንዘዣ ሐኪሟ ጉልሰረን ሃኒም ቦዮዝ፣ ያንን የዘይት ቂጣ፣ ልትገዛ ወረደች። ኦርሁን ቢሮው ሄደ። ትንሽ ቆይተን ሁላችንም ሻይ ክፍል ተገናኘን።»

ሻይ ክፍሉ ውስጥ ያለው ስክሪን ሮቦቱ ሆድ ውስጥ የሚያየውን ያሳያል፤ ያረፈ ሰው እየበላም እንዲማር ተብሎ የተሰቀለ ነው። አራቱ ሻያቸውን ሲጠጡ፣ የሆጃ መሣሪያዎች አንጀት ሲሰፉ ይታዩ ነበር። ያ ስክሪን እስኪጠፋ ድረስ ከመካከላቸው የተነሣ የለም። ወደ አዳራሹ የሚወስደው አንድ በር ብቻ ነው፤ እሱም ከሻይ ክፍሉ ፊት ለፊት ነው። ማንም አልገባም፤ ማንም አልወጣም። ስክሪኑ ሲጠፋ ኒልጉን ልትጠራቸው ሄዳ ጮኸች።

«የሆጃ እጅ መሆኑን በምን አወቃችሁ?»

ባርላስ ሳቀ። «እንዴት አናውቅ! የስፌታቸው ቪዲዮ ሁላችንም ዘንድ አለ፤ እንደ ጸሎት ስንደግመው ነው የምንውለው። የመጨረሻውን ቋጠሮ ገልብጠው ነው የሚያሥሩት።»

«ክሩ ምን ቀለም ነበር?»

«ክሩ?» ግራ ተጋባ። «ሐምራዊ። ምነው?»

«የፖሊስ ሴት ነኝ፤ ስለ ጥልፍ ማወቅ እወዳለሁ። ጩኸቱን ሰምታችሁ ስትገቡ አዳራሹ ውስጥ ያለው ስክሪን በርቶ ነበር?»

«አይ፣ ጨልሞ ነበር። ኦርሁን ነው ሁሉን ያደረገው። ሆጃን አወረዳቸው፣ ደረታቸውን ተጫነ፣ ማሽኑን ከግድግዳው ነቀለ።»

ባርላስ ሲወጣ ሽቶው ቀረ። ፌርሁንዴ መስኮቱን ከፈተችና ረጅሙን ሐኪም አስጠራች።

ዶክተር ኦርሁን ቴዝጄል ወንበሩን ጎትቶ ተቀመጠ፤ ከንግግሩ ይልቅ እጆቹ ነበሩ ኩሩ። የሆጃን ወንበር ለመውረስ ሲጠብቅ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው።

«ማሽኑን ለምን አጠፉት?»

«የሰው ነፍስ ለማዳን እየጣርኩ የሮቦት ክንድ እንዲሰነዝርብኝ ልጠብቅ? ሰውን በማያውቁት ሥራ አይጠይቁት፣ ኢንስፔክተር።»

«እውነት ነው፤ አላውቅም። ስለዚህ ያስተምሩኝ። ጠዋት ሆጃ እርስዎን እንደ ተማሪ ያስቀመጡዎት ለምንድን ነው?»

መንገጭላው ተንቀሳቀሰ። «ሊያዋርዱኝ። ልማዳቸው ነው። ትናንት ባርላስን፣ ዛሬ እኔን፣ ሁልጊዜ ደግሞ ኒልጉንን። በሰው ፊት ‹ሥጋ ሻጭ ብትሆኚ ደንበኛ ይሸሽሽ ነበር› ይሏት ነበር። እሷ ብትጠላቸው አልፈርድባትም።»

«ሁላችሁም ወደ ኒልጉን ትጠቁማላችሁ።»

«ነገሩ ወደ እሷ ስለሚሄድ ነው።»

«ሻይ ክፍል ሆነው በስክሪኑ ላይ ምን አዩ?»

«ሆጃ ሲሰፉ። በተረጋጋ እጅ። ስለዚህ ያን ጊዜ ሁላችንም አብረን ነበርን፤ እርስዎ መርፌ ቢሉ ጦር ቢሉ ገዳዩ ከእኛ ውስጥ አይደለም።»

«ክሩ ምን ቀለም ነበር?»

ኦርሁን ለአፍታ ያህል ዓይኑን ከእሷ አላነሣም። «ጥቁር።»

«በስክሪኑ ላይ አይተውታል?»

«በዓይኔ። ሌላ ጥያቄ አለዎት ወይስ ስለ ቁልፍና ስለ ጥልፍ ልንጫወት ነው?»

«ለጊዜው ይበቃኛል።»

ዶክተር ኒልጉን ሳፋ ስትገባ ቆማ ቀረች። ቀጭን፣ አጭር፣ ዓይኗ ሥር የጠቆረ ሴት ናት። ፌርሁንዴ ሻይ ገፋ አደረገችላት፤ አልነካችውም።

«ገድለሻል እያሉ ነው» አለች ፌርሁንዴ።

«ለምጄዋለሁ። በጸደይም ብለውኛል።»

«በጸደይ ምን ሆነ?»

ኒልጉን ሙኒሬ ሃኒም፣ ወይዘሮ ሙኒሬ እንደማለት፣ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ እንደነበሩ ተናገረች፤ የታችኛው አንጀታቸው ላይ ዕጢ ነበረባቸው። ኒልጉን በተማሪው መቆጣጠሪያ ላይ ነበረች፤ ኦርሁን በአስተማሪው። አስተማሪ ሲፈልግ ፔዳል ረግጦ ክንዶቹን ከተማሪው ይነጥቃል፤ ሲፈልግ ይመልሳል። ከዳሌው ጀርባ ያለ ደም ሥር ተቀደደ። ደሙ መመልከቻውን ሞላው። ሆድ ተከፍቶ ቢሞከርም አልዳኑም።

«አንቺ ነሽ የቀደድሽው?»

«እንጃ።» እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። «ከመቀደዱ በፊት እጄ ባዶ የሆነ መሰለኝ፤ መሪ የተነቀለበት መኪና እንደምትነዳ ሰው። ወዲያው ደግሞ ተመለሰልኝና ስይዘው ደሙ ፈሰሰ። ይህንን ስናገር ሳቁብኝ። ‹እጄ አይደለም የሚል ሐኪም እዚህ አያስፈልግም› አሉኝ ሆጃ። ቪዲዮው የሚያሳየው መሣሪያውን ነው፤ ማን እንደያዘው አያሳይም። ዶክተር ኦርሁን ፔዳሉን አልነካሁም አለ። ከዚያ ወዲህ እኔም ራሴን ማመን ተውኩ።»

«ዛሬ ጠዋትስ? ሆጃ ምን አሉሽ?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ሥጋውን ከደም ሥሩ ለየሁ፤ ከኋላዬ ቆመው አዩኝ። አልተሳደቡም። ‹ተነሺ› አሉ ብቻ፣ በቀስታ። ፈራሁ። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ያልሰደቡኝ ቀን የለም። ‹ዛሬ አበቃልኝ› ብዬ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።»

«ኦርሁን ሲለማመድስ?»

«እሱ እንደ ወትሮው ነው። ቶሎ ይሠራል። ሥጋውን ከመሳቡ በፊት መሣሪያውን ወደ ቀኝ ጠምዘዝ የማድረግ ልማድ አለው። ሆጃ ‹ድገመው› አሉት። ደገመው። ‹አንዴ ደግሞ› አሉት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።»

«ሻይ ክፍል ስክሪኑ ላይ የነበረው ክር ምን ቀለም ነበር?»

«ሐምራዊ» አለች ሳታመነታ።

የመጨረሻዋ ዶክተር ጉልሰረን ኢንጄ ነበረች፤ የማደንዘዣ ሐኪም፣ የሟቹ የቀድሞ ባለቤት። ከንፈሯን አጥብቃ ገባች።

«አልጠይቅዎ ብዬ ነበር» አለች ፌርሁንዴ፣ «ግን መድኃኒቱ የእርስዎ ጋሪ ላይ ነው፤ ሰውየው ደግሞ የእርስዎ ባል ነበር።»

«ልገድለው ብፈልግ አብሬው ስኖር ነበር የምገድለው። ያኔ ምክንያቱ ነበረኝ፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር።»

«ክፉ ሰው ነበሩ?»

«ምላሱ ክፉ ነበር። እጁ ግን አልዋሸም። እኔ የፈታሁት ምላሱን ነው።»

«ስክሪኑ ላይ የነበረው ክር ምን ቀለም ነበር?»

«ሐምራዊ። ለምን ይጠይቃሉ?»

ፌርሁንዴ አሮጌውን የወረቀት እሽግ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የጉልሰረን ፊት ተለወጠ።

«የሐር ክር? ይህን ከየት አገኙት?»

«ከደረት ኪሳቸው። የሚያውቁት ነው?»

«ሆድ በቢላ ይከፈት በነበረበት ዘመን ይሰፋበት የነበረ ነው። ጥቁር ሐር። እዚህ ሆስፒታል አሁን ማንም አያስቀምጠውም። ሩክኔቲን ቤቱ ውስጥ አንድ ሳጥን አለው።» እሽጉን በጣቷ ነካችው። «አስከፍቶ አያውቅም፤ የሚያወጣው ሲያጠፋ ብቻ ነው። በሽተኛ ላይ ከተሳሳተ፣ ወይ ሰው ላይ በሐሰት ከፈረደ፣ ተቀምጦ በሐር ይሰፋል። ቃል አይናገርም። ይቅርታ መጠየቅ ስለማይችል ነው መሰለኝ። ዛሬ ምን አጥፍቶ ነው?»

ፌርሁንዴ ሃምዛን ጠርታ «ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰብስብልኝ» አለች።

አራቱ በሁለቱ መቆጣጠሪያዎች መካከል ቆሙ። አስከሬኑ ተነሥቷል። ከባሕሩ የሚነሣው የከሰዓት ነፋስ መስኮቱን ይገፋ ነበር። ባርላስ ሰዓቱን አየ፤ ኦርሁን እጁን አጣምሯል።

«ቀልዱ መቼ ነው የሚያልቀው?» አለ ኦርሁን።

«አሁን። ዶክተር ኒልጉን፣ ያን ማኅተም ቅደጂና ክዳኑን አንሺ። ሌሎቻችሁ ቀረብ በሉ። ክሩ ምን ቀለም ነው?»

ኒልጉን ክዳኑን አነሣች። ባርላስ አንገቱን አስግጎ ተመለከተ፤ አፉ ተከፈተ። «ጥቁር ነው!»

«ስክሪኑ ላይ ያየኸውስ?»

«ሐምራዊ። እምላለሁ።»

«አትማል። ጉልሰረን ሃኒምም ሐምራዊ አሉ፤ ኒልጉንም። ሦስት የሐኪም ዓይን አንድ ላይ አይሳሳትም። እንግዲህ እናንተ ቦዮዝ እየበላችሁ ያያችሁት ስፌትና ሆጃ የሰፉት ስፌት አንድ አይደለም። እናንተ ያያችሁት ቪዲዮ ነው፤ ሐምራዊው ክር ሳያልቅ የተቀረጸ፣ ሁላችሁም እንደ ጸሎት የምትደግሙት። እናንተ ‹አብረን ስለነበርን ንጹሕ ነን› ስትሉ፣ ሆጃ ቀድመው ሞተዋል። የሞቱት ገና እንደተበታተናችሁ ነው፤ እያንዳንዳችሁ ለብቻችሁ በነበራችሁበት ጊዜ።»

«እና ያን ጊዜ መታጠቢያ ቤት ነበርኩ የምትለው ማን ናት?» አለ ባርላስ ወደ ኒልጉን ዞሮ።

«አንተ ደግሞ ደረጃ ላይ ነበርክ። ዝም በል።» ፌርሁንዴ ወደ አስተማሪው መቆጣጠሪያ ሄዳ እጇን መመልከቻው ላይ አሳረፈች። «እዚህ የተቀመጠ ሰው ፊቱ ማሽን ውስጥ ነው፤ ማጅራቱ ለመጣ ሁሉ የተሰጠ ነው። ገዳዩ ከጋሪው መድኃኒት ወስዶ ከኋላ መጣ። ወጋቸው። ሊነሡ ሲሉ ራሳቸውን ይዞ ግንባራቸውን ከማሽኑ ጋር ደፈቀ፤ መድኃኒቱ እስኪሠራ ድረስ። እጃቸው ግን መያዣው ውስጥ ነበረ። እሳቸው ሲታገሉ ክንዶቹም ታገሉ። የመጨረሻውን ስፌት እዩት፤ ተቦጭቋል። እናንተ ግን እሳቸው ቋጠሮውን አሳምረው ሲጨርሱ ነው ያያችሁት።»

ጉልሰረን እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ከዚያ ገዳዩ በሻይ ክፍሉ ስክሪን ላይ እንዲታይ ቪዲዮውን ከፍቶ ወጣና ከእናንተ ጋር ሻይ ጠጣ። ቪዲዮውን ሲከፍት ግን እዚህ ባለው ስክሪን ላይ አንድ ነገር አየ፤ ሆጃ የሰፉት በጥቁር ነው። የእሱ ቪዲዮ በሐምራዊ ነው። ሌላ የሚፈልግበት ጊዜ አልነበረውም። ‹ማን የክር ቀለም ያስታውሳል› አለ። ፖሊስ ስትጠይቀው ደግሞ ከፕላስቲኩ ሆድ ውስጥ ካለው ጋር እንዲገጥምለት ያየውን ሳይሆን የሚገኘውን ነገራት። ዶክተር ኦርሁን፣ እርስዎ ብቻ ነዎት ትክክለኛውን መልስ የመለሱት።»

ኦርሁን በአፍንጫው ሳቀ።

«ሐምራዊው ማለቁን አውቃለሁ። ስለዚህ ጥቁር መሆን አለበት ብዬ ገመትኩ። ሰው በግምቱ ይታሰራል?»

«መሳቢያው ውስጥ ያለው ሰማያዊና ነጭ ነው። ጥቁር በዚህ ሕንፃ ውስጥ የለም። ሆጃ የሰፉት ከቤታቸው በኪሳቸው ባመጡት ሐር ነው፤ የጀመሩትም እናንተ ስትወጡ ነው። ስትመለሱ ስክሪኑ ጨልሟል፤ ክዳኑ ተዘግቷል። ጥቁሩን ሊያይ የሚችለው ሆጃ በሕይወት እያሉ ከኋላቸው የቆመ ሰው ብቻ ነው። የቆጡን አወርድ ብለው የብብትዎን ጣሉ።»

«ለምን?» አለች ጉልሰረን ወደ ኦርሁን እየተራመደች። «ሊሞት ምን ቀረው? ወንበሩ ያንተው ነበር!»

«ወንበሩ የእሱ አልነበረም» አለች ፌርሁንዴ። «ዛሬ ጠዋት ቀርቶበት ነበር። ሆጃ ያቺን የጸደይ ቀን ቪዲዮ ደጋግመው አይተውታል መሰለኝ። መሣሪያው ደም ሥሩን ከመቅደዱ በፊት ወደ ቀኝ ሲጠመዘዝ አይተዋል። የማን ልማድ ነው? ስለዚህ ዛሬ ሁለቱንም አስቀምጠው አንድ ዓይነት ሥራ አሠሩ። ኒልጉንን አንዴ፣ ዶክተር ኦርሁን፣ እርስዎን ሦስቴ። ሦስቴም ጠመዘዙ። ክንዶቹን ነጥቀው፣ ቀድደው፣ ደሙ ሲፈስ እጇ ውስጥ መልሰው የጣሉት እርስዎ ነዎት። ሆጃ ከምሳ በኋላ በሁላችሁ ፊት ሊናገሩ የነበረው ይህን ነው። ለዚህም ነው ኒልጉንን ያልሰደቧት። ለዚህም ነው ሐሩን ያወጡት።»

«ግምት!» ጮኸ ኦርሁን። «የአንዲት ፖሊስ ግምት! የአንዲት አልቃሻ ተማሪ ወሬ!»

«ታዲያ ለምን ይጮኻሉ?»

«ስለምትናገሩት ምንም ስለማታውቁ ነው! ሃያ ዓመት የሱን ስድብ ዋጥኩ። ሃያ ዓመት! ለነገ ለማትደርስ አንዲት የደከመች አሮጊት በሽተኛ፣ የቀዶ ሐኪም እጅ ለሌላት አንዲት ልጅ፣ ለእነሱ ሲል እኔን በተማሪዎቼ ፊት ሊያዋርደኝ? ‹ኦርሁን፣ ራስህ ተናገር፤ ካልሆነ እኔ እናገራለሁ› አለኝ፤ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ! ፊቱን እዚያ ውስጥ ቀብሮ፣ እየሰፋ!» 

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«መቼ ነው እየሰፉ ያሉዎት?» አለች ፌርሁንዴ በዝግታ። «ያን ጊዜ ቢሮዎ ነበሩ ተብዬ ነበር።»

ኦርሁን እነዚያን ኩሩ እጆቹን አየ፤ ቀጥሎም በሩን አየ። በሩ ላይ ሃምዛ ቆሟል። ካቴናው ሲገባለት አልታገለም፤ ኒልጉን አጠገብ ሲደርስ ግን ቆም ብሎ «አሁንም እጅ የለሽም» አላት።

ኒልጉን እርምጃው ከኮሪደሩ እስኪጠፋ ድረስ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

ጉልሰረን ከወንበሩ ጫፍ ተቀምጣ በዝምታ ታለቅስ ነበር። ባርላስ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ወደ ኒልጉን ቀረበ።

«ኒልጉን፣ እኔ እኮ ከመጀመሪያውም… ማለቴ፣ ሁላችንም ስናስበው…»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች ጉልሰረን ቀና ሳትል።

ኒልጉን ወደ ፌርሁንዴ ዞረች። «ሊነግሩኝ ነበር? እውነት ሆጃ ሊነግሩኝ ነበር?»

«በሁሉም ፊት።»

«ይቅርታ ሊሉኝ?»

«እሱን አላውቅም። የቀድሞ ባለቤታቸው እንደሚሉት ይቅርታ ማለት አይችሉበትም ነበር። እውነቱን ግን ሊናገሩ ነበር።»

«እጠላቸው ነበር» አለች ኒልጉን። «አሁንም እጠላቸዋለሁ። ከጸደይ እስከ ዛሬ ሌሊት ሌሊት የሙኒሬ ሃኒም ደም ሥር በሕልሜ በእጄ ሲቀደድ አድሬያለሁ። አንዴ ቢጠይቁኝ፣ አንዴ ቢያምኑኝ ይበቃ ነበር። ግን…» ወደ ባዶው መቆጣጠሪያ ዞረች። «ግን ያንን ቪዲዮ ሄደው አዩት። ሌላ ማንም ሄዶ አላየውም።»

እንባዋን በክንዷ ጠረገችና ባርላስ ፊት ለፊት ቆመች። ትከሻው ላይ እንኳ አትደርስም፤ እሱ ግን ወደ ኋላ ሸሸ።

«በሙኒሬ ሃኒም ቀብር ዕለት ለቤተሰቦቻቸው የነገርካቸው አንተ ነህ። ‹እሷ ናት› ብለህ ጠቁመህ አሳየሃቸው። አየሁህ።»

«ሰው ሁሉ ያለውን ነው ያልኩት።»

«አሁን ደግሞ እኔ የምልህን በል። ሙኒሬ ሃኒምን የገደለችው ኒልጉን አይደለችም፤ በል።»

ባርላስ ወደ ፌርሁንዴ አየ። እሷ መስኮቱን ታያለች። ወደ ጉልሰረን አየ። ጉልሰረን እንባዋን አቁማ ትጠብቃለች።

«ሙኒሬ ሃኒምን…» ድምፁ ቀጠነ። «…የገደልሻቸው አንቺ አይደለሽም።»

«አልተሰማኝም።»

«አንቺ አይደለሽም!»

ኒልጉን ዓይኗን ጨፈነች። «ኮትህን ልበስ» አለችው። «ቤተሰቦቻቸው ቤት ሄደህ ትደግመዋለህ።»